መሳብ ያቃተኝ ቀስት

የራሴን ጥፋት በአንድ ሠራተኛ ላይ ለማላከክ ሞክሬ አውቃለሁ። የመሥሪያ ቤታችን የአስተዳደር ኃላፊ ነበርኩ፤ የቀስት ውርወራ የጀመርኩት ደግሞ በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው።

ለቀስት መግዣ ያለኝ ገንዘብ ጥቂት ስለነበር፣ የመሥሪያ ቤታችንን የስፖርት ክበብ ዕቃ የሚጠግነውን ሠራተኛ አማከርኩት።

«ለጀማሪ በቀላሉ የሚሳበው ይሻልዎታል፤ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም። በሚተርፍዎት ገንዘብ ፍላጻና የክንድ መከላከያ ይግዙበት» አለኝ።

እኔ ግን ኃላፊ በልጆች ቀስት አይጫወትም ብዬ፣ ያለኝን በሙሉ ጫፎቹ ላይ መዘውር ባለው፣ ለመሳብ ብርቱ ጉልበት በሚጠይቅ ቀስት ላይ አፈሰስኩት። እሱም ገጣጠመልኝ።

በልምምዱ ቀን አባላቱ ሁሉ እያዩኝ ሳብኩ። ላብ አጠመቀኝ፤ አውታሩ ግን ንቅንቅ አላለም። በእፍረት ወደ ጠጋኙ ዞርኩ። በዚያው ሳምንት የሥራ ውሉን የማድስለት እኔ እንደሆንኩ ያውቃል።

«ስማ አንተ! ወይ ቀስቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ በል፣ ወይ ደግሞ ኃላፊዋ አቅመ ቢስ ናት ብለህ እዚሁ በሰው ፊት ተናገር። ምረጥ!» አልኩት።

ቀስቱን ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ወይዘሮ ውድነሽ፣ ቀስቱም አልተበላሸም፣ እርስዎም አቅም አላነሰዎትም» አለ። «ኃላፊ መሆንዎን ለቀስቱ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውሉን ግን አላደስኩለትም።

እባካችሁ ይቅር በሉኝ።