በሁለት ደጅ የተመለሰው ጉድጓድ ቆፋሪ

የእድር ዳኛው መምህሩን እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦ «የኔታ፣ ጎረቤታችን ማንደፍሮ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ሥራ አቁሟል። የጉዳት ጡረታ ቢጠይቅ፣ ሐኪሞቹ መርምረው ‹መሥራት ትችላለህ› ብለው መለሱት። አሁን እድሩ ይርዳኝ ይላል። ሐኪም ጤነኛ ያለውን ሰው እኛ ምን ብለን እንረዳለን?»

የኔታም በተረት መለሱለት።

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ። አንድ ቀን አፈር ተደረመሰበትና ሰዎች ጎትተው አወጡት። እጅና እግሩ ደህና ነበር፤ የተጎዳው ወገቡ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ከቆመ መጋደም ግድ ሆነበት።

በዚያ አገር አንድ ባለጠጋ መሥራት ለማይችሉ ሰዎች እህል ይሰጥ ነበር። ቆፋሪውም ደጁ ሄዶ ቆመ። የባለጠጋው መጋቢ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «እስቲ ያንን ጆንያ አንሣ» አለው። ሰውየው እምቢ ቢል ሰነፍ እንዳይባል ፈራ። ጥርሱን ነክሶ አነሣው።

«ይኸው፣ ትችላለህ» አለ መጋቢው።

መጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዓይኑ ያየውን ነው የፈረደው። ሰውየው ሲመለስ መንገድ ላይ መውደቁን ግን አላየም። ልብሱን እንኳ ሚስቱ እንደምታለብሰው አላየም።

እህሉን ቢያጣ ሥራ ፍለጋ ወደ አንድ ገበሬ ሄደ። ገበሬው አካሄዱን አይቶ፣ «አንተማ በሽተኛ ነህ፤ ምን ትሠራልኛለህ?» አለው።

«እንግዲያው የምቀምሰው ስጠኝ።»

«መጋቢው ጤነኛ ነህ ብሎህ የለም እንዴ?» ብሎ በሩን ዘጋበት።

ለሥራ ሲሄድ በሽተኛ፣ ለእህል ሲሄድ ጤነኛ ሆነ። ጎረቤቶቹም የመጋቢውን ቃል ሰምተው ነበርና ፊታቸውን አዞሩበት።

አንዲት ሸክላ ሠሪ ብቻ ቤቱ ገባች። መጋቢው ምን እንዳለ አልጠየቀችም። «እንቅልፍስ ይወስድሃል?» አለችው።

«አይወስደኝም» አለና አለቀሰ።

ያላትን አካፈለችው። ከዚያም ባለጠጋው ደጅ ሄዳ፣ «ጆንያውን ሲያነሣ እናንተ አይታችኋል፤ ካነሣ በኋላ የሆነውን እኔ አይቻለሁ። እንደገና ይታይለት» አለች። መጋቢውም፣ «ሌላም ሰው ይመስክርለት» አላት። በየቤቱ እየዞረች ብትለምን አብሯት የሚሄድ ጠፋ። ክረምቱ ገባ፤ ሰውየውም በዚያው ክረምት ሞተ።

ለቀብሩ አገር ተሰበሰበ። ጎረቤቶቹ ሬሳውን ተሸከሙ፤ ገበሬው ለተዝካሩ እህል በአህያ ጭኖ መጣ። ሸክላ ሠሪዋ ያንን እህል ስታይ ከሰው መሀል ተነሥታ ወጣች።

የኔታ ወደ እድር ዳኛው ዞሩ። «ማንደፍሮ ዛሬ ቢሞት ድንኳን ትተክሉለታላችሁ?»

«እንዴታ፣ የኔታ!»

«ሐኪሞቹ ምን እንዳሉ ትጠይቃላችሁ?»

«አንጠይቅም» አለ የእድር ዳኛው።

«ጎረቤቶቹ እናንተ ናችሁ። ይግባኝ ሲል አብራችሁት ሂዱና ያያችሁትን መስክሩ። እስኪታይለት ድረስ ቤቱን አታስርቡት። ምን ሊሠራ እንደሚችልም እሱን ጠይቁት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ጡረታው ላይፈቀድለት ይችላል፤ ሸክላ ሠሪዋም አልተሳካላትም። ግን ለሬሳው ሳትጠይቁ የምታደርጉትን፣ ዛሬ እሱ እያየ አድርጉለት።»