አሥራ አንድ «የመጨረሻ»

በአንድ የእህል መውቂያ ማሽን ፋብሪካ፣ ንድፍ በኮምፒውተር የምትሠራ፣ መልስ የማይቸግራት አንዲት ሴት ነበረች። አለቃዋ አቶ ማንደፍሮ ንግግር ከጀመሩ ማብቃት፣ ንድፍ ካዩ ሳያስለውጡ ማለፍ አይሆንላቸውም። ዛሬ መዘውሩን ያስተልቃሉ፣ ነገ ዘንጉን ያቀጥናሉ። ለእያንዳንዱ ለውጥ ቁጥር እንስጠው ብትላቸው፣ «ቁጥር ሲበዛ የተሳሳትን ይመስላል፤ ሁሉንም ‹የመጨረሻ› ብለሽ አስቀምጪ» አሏት። እንዳሏት አደረገች።

ማሽኑ ሊመረቅ ሲል ዘንጉ መዘውሩ ውስጥ አልገባ አለ። ለካ ዘንጉ የተሠራው ከአንዱ «የመጨረሻ»፣ መዘውሩ ከሌላው ኖሯል። አቶ ማንደፍሮ ሠራተኛውን በሙሉ ሰብስበው፣ «በመጨረሻም»፣ አሁንም «በመጨረሻም» እያሉ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተቆጡ በኋላ ወደ እሷ ዞሩ።

«አሥራ አንድ ‹የመጨረሻ› አገኘሁ። እውነተኛው የመጨረሻ የትኛው እንደሆነ አሁኑኑ ካልነገርሽኝ ከሥራ ተሰናብተሻል።»

«እኔ በምን አውቄ፣ አቶ ማንደፍሮ?» አለች ረጋ ብላ። «ዛሬ እንኳ እርስዎ ‹በመጨረሻም› ባሉ ቁጥር ለመሄድ ሰባት ጊዜ ቦርሳዬን አነሳሁ፤ ሰባት ጊዜም መልሼ አስቀመጥኩ።»