በምክር የተቆፈረ ጉድጓድ

አንድ ጊዜ፣ በየበጋው ወንዝ እየደረቀባቸው የተቸገሩ አራዊት የራሳቸውን የውሃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ማኅበር አቋቋሙ። ሰብሳቢያቸው ጅብ ነበር። ለምን ጅብ ተመረጠ ብትሉ፣ «እኔ ልሁን» ሲል ድምፁ ከሁሉም ስለበለጠ ነው። አባል ሁሉ ከቤቱ እህል አዋጣ፤ እህሉ ጉድጓዱን ለሚቆፍረው ለከርከሮ ቀለብ እንዲሆን ነበር።

እመት አህያ ያዋጣችው ከሁሉም ያነሰ ነው፤ አንድ ቁና ገብስ። ሌላ ግን አልነበራትም። ባለፈው በጋ የበኩር ልጇን ውሃ ጥም ገድሎባታል። አሁን ገና ጡት ያልጣለ ውርንጭላ አላት። «ይኼኛው እንኳ ከደጁ ይጠጣ» ብላ ነው ያላትን አሟጣ የሰጠችው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ጅብ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አማካሪ የሌለው ማኅበር ምኑን ማኅበር ሆነ! ስለዚህ አያ ቀበሮን ቀጥረናል። ለአንድ ምክር አንድ ቁና ይከፈለዋል» አለ።

አህያ ደነገጠች። «ልጄን ያጠጣልኛል» ያለችው ገብስ በአንድ ምክር ሊያልቅ ነው! ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀበሮ አያትና ፈጠን ብሎ እጅ ነሳ።

«እመቤቴ፣ እርስዎማ ከኋላ አይቀመጡም! ወደ ፊት ይምጡልኝ እንጂ» ብሎ ከጅብ አጠገብ አስቀመጣት።

በዕድሜዋ «እርስዎ» ብሏት የሚያውቅ አልነበረም። እንዲህ ያከበራትን ፊት ለፊት «ስለምን ይህን ያህል ትበላለህ?» ማለት ይሉኝታ ያዛት። «ዝም አይነቅዝም» ብላ ዝም አለች። ደግሞስ ከጅብ ጎን ተቀምጦ ለመከራከር የትኛው አህያ ይደፍራል?

ቀበሮ መምከሩን ቀጠለ። «ከሾላው ሥር ይቆፈር» አለ፤ ቁናውን ወሰደ። ከርከሮ እስከ ጉልበቱ እንደቆፈረ፣ «የሾላ ሥር ያስቸግራል፤ ወደ ቋጥኙ ይዛወር» አለ፤ ሌላ ቁና። ከቋጥኙ ሲደርሱ ደግሞ፣ «ድንጋይ ምን ውሃ አለው? ወደ ሜዳው!» አለ፤ አሁንም ቁና። ጅብ በየምክሩ ራሱን እየነቀነቀ፣ «እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው እናንተ!» ይል ነበር። የዛሬው ምክር የትናንቱን እንደሚያፈርስ አልገባውም።

ወንዙ እየሳሳ ኩሬ ኩሬ ብቻ ሲቀር አህያ ጨነቃትና ሥራውን ልታይ ሄደች። ከርከሮ የጎድን አጥንቱ ተቆጥሮ፣ ጥልቀት ከሌለው ጉድጓድ አፍ ላይ ተጋድሟል።

«አያ ከርከሮ፣ ምነው ተኛህ?»

«በምን አንጀቴ ልቁፈር? ለኔ በቀን አንድ እፍኝ ነበር የሚሰፈረው፤ እሱም ቀረ። ጎተራው አልቋል ይሉኛል።»

«የት ገብቶ?»

«ቀበሮ ደጅ ሄደሽ እይዋ!»

ሄደች። ቀበሮ ገብስ እንደማይበላ ታውቃላችሁ። ደጁ ላይ ገብስ ተበትኗል፤ በገብሱ መሃል የዶሮ ላባ ብቻ ነው። የማኅበሩን እህል እየበተነ የመንደሩን ዶሮ ሲያጠምድበት ከርሟል። ጅብም አጥንት አጥንቱ ስለሚደርሰው ነገሩ ሁሉ ጥሩ ይመስለው ነበር።

አህያ አባላቱን ሰብስባ፣ «የሚቆፍረው እፍኝ፣ የሚያወራው ቁና! ይህ ምን ዓይነት ክፍያ ነው?» ብላ ጮኸች።

ቀበሮ አልተቆጣም። «እመቤቴ፣ ክፍያው የተወሰነው እርስዎ ከፊት ተቀምጠው ሳለ አይደለም እንዴ? ያኔ ምን ተቃወሙ?»

ጅብ ደግሞ፣ «አንድ ቁና ሰጥታ የመቶ ቁና ትጮኻለች!» ብሎ ሳቀባት። ሌሎቹ አቀርቅረው መሬት መሬት አዩ፤ እነሱም ያን ቀን ዝም ብለው ነበርና።

ጎተራው ባዶ መሆኑን ያየው ቀበሮ በማግስቱ ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ ጅብም አጥንቱን ብሎ ተከተለው። ይኼኔ አባላቱ ሁሉ «ሌባ! ሌባ!» እያሉ ይፎክሩ ጀመር። ከርከሮ ከተኛበት ቀና ብሎ፣ «አዬ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለና ተመልሶ ተጋደመ።

ኩሬውም ሲደርቅ አህያ ልጇን አስከትላ ወደ ሰው መንደር ወረደች። ውርንጭላው ምላሱን አውጥቶ ይደናቀፍ ነበር። መንገዱን ሙሉ «ምነው ያን ቀን አፌን በከፈትኩ!» እያለች ታለቅሳለች። አንድ ገበሬ አያቸውና፣ «ልጅሽ ይጠጣ፤ አንቺ ግን ውሃውን ከምንጭ ታመላልሺያለሽ» አላት። እሺ አለች፤ ምን ምርጫ አላት? ልጇም ጠጣ፤ ነፍሱ ተረፈች። ከፍ ሲል ግን ገበሬው ጀርባውን ዳበሰና ለእሱም የጭነት ኮርቻ ሰፋለት።

ከዚህ የምንማረው፣ ባዋጣነው ላይ በጊዜው መጠየቅን ይሉኝታ ከከለከለን፣ የዝምታችንን ዕዳ ልጆቻችን ተሸክመውት እንደሚኖሩ ነው።