ፍሪዳ ያጣው እርቅ

በሰንበሌጥ ዱር መንግሥት ነበረ። ሕጉ አጭር ስለነበር ሁሉም በቃሉ ይዞታል፦ አንበሳው ይበላል፣ ጅቦች ይጠብቁታል፣ የቀረው አውሬ ደግሞ «ይስማማዎ» ይላል። አንበሳው በምርጫ የመጣ ነው ይባላል። ተወዳዳሪው የነበረው ነብር ግን ከምርጫው ዋዜማ ጀምሮ አልታየም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንበሳው ጥላ ሥር ተጋድሞ ሳለ የጠባቂዎቹ አለቃ አያ ጅቦ መጣና፣ «ጌታዬ፣ ለደኅንነትዎ ሲባል ከሥልጣን ወርደዋል» አለው። አንበሳው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከኋላ የቆሙት ሃያ ጅቦች አለመሳቃቸውን ሲያይ ግን ተነሥቶ ወንዙን ተሻገረ።

አያ ጅቦ ሕጉን አሻሻለ። «አንበሳው» የሚለው ቃል ወጥቶ «ጅቦች» የሚለው ገባ። ሌላው እንዳለ ቀጠለ። ልዩነቱ አንበሳው ሥጋውን በልቶ አጥንቱን መተዉ ነበር፤ ጅቦች አጥንቱንም አይተዉም። አቶ ጎሽ ጥጃው ሲበላበት የሚያለቅስበት ቁራጭ አጥንት እንኳ አላገኘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንበሳው ይመለስልን» እያለ ዱሩን ዞረ።

በሁለተኛው ዓመት ጎረቤት ዱሮች የጨው ውኃ ያለበትን ሆራ ዘጉና፣ «አንበሳውን ካልመለሳችሁ አንከፍትም» አሉ። ጅቦችም ጨው ይወዳሉና አያ ጅቦ፣ «ይምጣ። እንደ ማንኛውም አውሬ ይኖራል» ሲል ፈቀደ።

አቶ ጎሽ አውሬውን ሁሉ ሰብስቦ፣ «ወጥተን በእልልታ እንቀበለው» አለ።

እመት ሚዳቋ ብድግ አለች። «አቶ ጎሽ፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው። ግን የእኔን እኅት የበላት እሱ አይደለም?»

«ነው። አጥንቷን ግን መልሶልሻል።»

«መልሷል» አለች ሚዳቋ። «አመስግኜውም ነበር። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ማመስገኔ ነው።»

ጉባኤው እስኪመሽ ተከራከረ። በመጨረሻ ግን አለመሄድ በኋላ ሊያስጠይቅ ይችላል በሚል፣ እመት ሚዳቋም ጭምር፣ ሁሉም ሄደ።

አንበሳው ወንዙን ተሻግሮ መጣ። በስደት ከስቷል፤ ጎፈሩም ሳስቷል። ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ «ወገኖቼ፣ ይቅር ብያችኋለሁ» ሲል ጀመረ።

«ምን አድርገን ነው፣ ጌታዬ?» ሲል ሽማግሌው ጃርት በትሕትና ጠየቀ።

«ሲያባርሩኝ ዝም አላችሁ።»

«እውነት ነው። ጌታዬ ያስተማሩን ዝም ማለት ብቻ ስለነበር ነው» አለ ጃርት።

በዚህ መካከል አያ ጅቦ ከጭፍሮቹ ጋር ደረሰ። እሱና አንበሳው ተያዩ። የጎረቤት ዱር መልእክተኞች ከወንዙ ማዶ ይመለከቱ ነበርና ተቃቀፉ። አውሬውም እልል አለ።

አያ ጅቦ አንገቱን በአንበሳው ትከሻ ላይ እንዳደረገ፣ «እርቅ ያለ ፍሪዳ አይጸናም» አለ።

«የአባቶቻችን ወግ ነው» አለ አንበሳው። ከተለያዩ ወዲህ ሁለቱ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

እንደተቃቀፉ ሁለቱም አቶ ጎሽን አዩት።

«እኔ እኮ አቀባበሉን ያስተባበርኩ ነኝ» አለ አቶ ጎሽ።

«እናውቃለን» አለው አንበሳው። «ውለታህን መቼም አንረሳም። አጥንትህንም ለቤተሰብህ እናደርሳለን።»

«እሱን እንነጋገርበታለን» አለ አያ ጅቦ።

አቶ ጎሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለምን የኖረው ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው። እመት ሚዳቋ ቀስ ብላ ተጠጋችውና፣ «አቶ ጎሽ፣ ቀንድ አለዎት እኮ» አለችው።

አቶ ጎሽ ራሱን ዝቅ አደረገ። የፊተኞቹ ጅቦች ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። አልወጋም፤ ዞሮ ወደ ወንዙ ራስ መንገድ ጀመረ እንጂ። ሚዳቋ ተከተለችው፤ ጃርት ተከተለ፤ ቀጥሎ ከርከሮዎች፣ ከዚያ የቀረው ሁሉ። ማንም አልሮጠም። መልእክተኞቹም የሚያዩት ሲያጡ ሄዱ።

ሜዳው ላይ አንበሳውና አያ ጅቦ እንደተቃቀፉ ቀሩ። ሁለቱም ርቧቸዋል። ጭፍሮቹ ደግሞ ዙሪያቸውን ከበው ቆመዋል፤ እነሱም ርቧቸዋል። ቀድሞ እጁን የሚለቅ ግን ጠፋ።