አንድ ካባ ለሦስት መሥራች

በአንድ ወቅት፣ «ኮሚክ» ሲባል ሰው ሁሉ ቀልደኛ የመጣ መስሎት ዙሪያውን በሚያይበት ዘመን፣ በአዲስ አበባ አንድ ሰፈር ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። ምንተስኖት ይስላል፤ ትርንጎ ታደራጃለች፤ አስፋቸው ያወራል። ሦስቱም በስዕል የሚተረኩ መጻሕፍት ፍቅር አናታቸው ላይ ወጥቶ ነበርና አንድ ቀን «ለምን የኮሚክ አውደ ርዕይ አናዘጋጅም?» ተባባሉ። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ የሚከለክላቸውም አልተገኘም።

ምንተስኖት መጽሐፉን ሠራ። ጀግናው የሚበር የታክሲ ረዳት ነው። መብረሩንስ ይበራል፤ ነገር ግን ሰው ካልሞላ አይነሳም። ከተማው እየተቃጠለ እንኳ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል። ምንተስኖት ይህን ሲስል ክረምቱን ሙሉ ከቤት አልወጣም። እናቱ «ይሄ ስዕል ምን ሊያበላህ ነው?» ሲሉት «ቆይ እማዬ፣ ክንፉን ልጨርስ» ይላል። ጨረሰም። የፎቶ ኮፒው ማሽን ግን ቀለም አጥሮት ኖሮ ከገጾቹ ግማሹ ጉም የለበሰ መስሎ ወጣ።

ትርንጎ ቦታውን አገኘች። ቃል የተገባላቸው አዳራሽ በዋዜማው ለሰርግ ተሰጥቶ ሲጠብቃቸው ወንዶቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ተከዙ። እሷ ቀጥ ብላ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄደች። ዕቃ ጠባቂው ጋሽ ድንበሩ «ልጄ፣ ይሄ ድንኳን የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው» አሏት። «ለአንድ ቀን ይስጡኝና ዓመቱን ሙሉ በየለቅሶው ዕቃ አጥባለሁ» አለች። ጋሽ ድንበሩ የድስቱን ብዛት አሰቡና ተስማሙ። ቃሏን ጠበቀች፤ በዚያ ዓመት የማታውቀው ሰው እንኳ በሞተ ቁጥር ድስት ስትፈትግ ከረመች። ይሁን እንጂ በአውደ ርዕዩ ዕለት «የኮሚክ አውደ ርዕይ» የሚለውን ሰሌዳ ቀለሙ ይድረቅ ብላ ቤት ረስታው መጣች።

እንግዲህ አስቡት። በሰፈሩ መሃል የእድር ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ ሰሌዳ የለም። ጎረቤቱ ምን ያድርግ? ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ።

መጀመሪያ የገቡት ወይዘሮ ባፈና ነበሩ። በር ላይ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው አለቀሱና ተቀመጡ። ተከትለዋቸው የመጡትም ዝም ብለው ተቀመጡ። ምንተስኖት የሚያደርገው ቢጠፋው ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ መጽሐፍ አደለ። ለቀስተኛው የሟች የሕይወት ታሪክ መስሎት በሁለት እጁ ተቀበለ። ወይዘሮ ባፈና ገልጠው አዩና «ውይ በሞትኩት! ከሰማይ ወድቆ ነው?» ብለው እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመሩ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «ለመሆኑ ሟቹ የማን ልጅ ነው?» ሲሉ ትርንጎ እውነቱን ተናገረች። ድንኳኑ ታመሰ። «በለቅሶ ይቀለዳል?» እያለ ሰዉ ሁሉ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

ሰዉን ያስቀረው አስፋቸው ነው። እንደ በራሪው ረዳት ለመልበስ የእናቱን መጋረጃ ሲለምን አርፍዶ ገና መድረሱ ነበር። በር ላይ ከሚወጡት ጋር ተጋጨ፤ መጋረጃውን እንዳጠለቀ ወንበር ላይ ወጣና መጽሐፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ረዳቱን ሆነ፤ «መልሴን!» የሚሉትን አሮጊት ሆነ። ጉም የለበሰው ገጽ ላይ ሲደርስ ከራሱ ፈጠረ። መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ባፈና ናቸው። ቀጥሎ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። መንገደኛው «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው?» እያለ ገባ፤ ገብቶም ቀረ። ከሰዓት በኋላ መቆሚያ ጠፋ።

ዓመታት አለፉ። አውደ ርዕዩ ዛሬ በትልቅ አዳራሽ ነው፤ ወጣቱ ጭምብልና ክንፍ አድርጎ ፎቶ ለመነሳት ይሰለፋል። የሃያኛው ዓመት በዓል ሲደርስ ኮሚቴው «ለመሥራቹ» ብሎ ወርቅማ ጥልፍ ያለው ካባ አሰፋ። አንድ ካባ! የኮሚቴ ነገር። ሦስቱም «እኔን ነው» ብለው ቤተሰባቸውን አስከትለው መጡ። ሰብሳቢዋ «መሥራቹ ወደ መድረክ!» ስትል ሦስቱም እኩል ተነሱ። ያን ቀን ድንኳን አብረው የተከሉ ሰዎች እንደዚያ ሲተያዩ ማየት ያሳዝናል፤ እኔን በጣም አሳዝኖኛል።

«ስዕሉ ባይኖር ምን ልታነብ ነበር?» አለ ምንተስኖት።

«ሰው የሳቀው በማይታየው ገጽህ ነው፤ እሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አለ አስፋቸው።

«ለማን ልታነብ ነበር? ሰው የመጣው በድንኳኔ ነው» አለች ትርንጎ።

«ሰሌዳ ስለረሳሽ ነዋ! ለመርሳት ካባ ይለበሳል?» አላት አስፋቸው።

«ለማርፈድስ?»

ሰብሳቢዋ ቢጨንቃት ወይዘሮ ባፈናን ለምስክርነት ጠራች። እሳቸውም አርጅተዋል፤ ማይኩን ተቀብለው ሦስቱን አንድ በአንድ አዩ።

«ድንኳኑን አይቼ መጣሁ። ስዕሉን አይቼ ለማላውቀው ልጅ አለቀስኩ። ይሄኛው ሲያነብ ደግሞ እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅኩ። የቱን ልጣል? ብቻ በአንድ ካባ ተጣልታችሁ ዛሬ የእውነቱን ለቅሶ እንዳታስቀምጡኝ» አሉና ማይኩን መለሱ።

የምንተስኖት እናት ከዘራቸውን ይዘው ልጃቸውን ያያሉ። የትርንጎ ልጆች ስልካቸውን ደግነው ይጠብቃሉ። የአስፋቸው እናት ያንን መጋረጃ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ሰብሳቢዋ ካባውን በሁለት እጇ ዘርግታ መሃል ላይ ቆማለች፤ ጥልፉ ከባድ ነው፤ ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

እኔ ከሦስቱም ጋር ሰላም ነኝ፤ እንደዚያው ብቆይ ይሻለኛል። እናንተ ግን የሴትዮዋ ክንድ ሳይዝል ፍረዱ፦ ካባውን የምታለብሱት ማንን ነው?