መሻሻልስ አለ፣ ጌታዬ

አንድ ምላሰኛ ባለጋሪ ነበር፤ የከተማው ቅርጫት ኳስ ቡድን በተጫወተ ቁጥር ከሜዳ ቀርቶ አያውቅም። ቡድኑ ዘንድሮም ሲሸነፍ ከርሞ የመጨረሻ ወጣ። የቡድኑ ፕሬዚዳንት ኮሎኔል አስናቀ ግን ደጋፊውን አዳራሽ ሰብስበው፣ "ከአምና ዘንድሮ ተሻሽለናል" እያሉ ረጅም ንግግር አደረጉ። በመሃል ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ባለጋሪው ነው።

"አንተ፣ ና ወደዚህ" አሉት ኮሎኔሉ። "እስቲ መሻሻላችንን ለሕዝቡ አስረዳ። 'ተሸነፉ' የምትል ቃል ከአፍህ ከወጣች ግን ሁለተኛ ሜዳችንን አትረግጥም።"

ባለጋሪው ጨነቀው፤ ያለዚያ ሜዳ እሑድ እሑድ አይመስለውም። ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣ።

"መሻሻልስ አለ፣ ጌታዬ። እኔ የሳቅኩት በጨዋታው ስም ላይ 'ት' የምትባል ፊደል በስህተት ስለገባችበት ነው። የእኛ ልጆች የሚጫወቱት ቅርጫት ሳይሆን ቅርጫ ነው፤ የመጣው ሁሉ ድርሻውን ይዞ ይሄዳል።"

"መሻሻሉስ የቱ ላይ ነው?" አሉ ኮሎኔሉ ጥርሳቸውን ነክሰው።

"አምና በሬው ይራገጥ ነበር" አለ ባለጋሪው። "ዘንድሮ ቢላዋ ሲያይ ራሱ ይጋደማል።"