ዘጠኝ መቶ ጊዜ የተጠቀሱት ዶክተር

ዶክተር ምንተስኖት የህዋስ ተመራማሪ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሽንኩርት ሥር ህዋስ እንዴት እንደሚከፈል ሲጽፉ ኖረው፣ አሁን የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አማራቸው። "ጽሑፎቼን ዓለም ዘጠኝ መቶ ጊዜ ጠቅሷቸዋል" ብለው ደረታቸውን ነፍተው ኮሚቴው ፊት ቀረቡ።

ቁጥሩን አጣርታ እንድትፈርም የታዘዘችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስትቆጥር ከርማ አልፈርምም አለች። ከዘጠኝ መቶው ስምንት መቶ ሰማንያውን የጠቀሱት ራሳቸው ዶክተሩ ነበሩ፤ አዲስ ነገር በጻፉ ቁጥር የድሮ ጽሑፎቻቸውን እየጠቀሱ።

ዶክተሩ ደማቸው ፈላ።

"ስሚ፣ መጠቀስ መጠቀስ ነው። ማንም ይጥቀሰኝ ማን አንቺን አያገባሽም። አሁኑኑ ፈርሚ፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት ሥራ የለሽም።"

እሷ እስክሪብቶዋን ከድና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ዶክተር፣ እኔም በኮረዳነቴ መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን በዓይኔ ስጠቅስ እውል ነበር። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ጠቀሰኝ፣ ዳሩኝ ብዬ ግን ሽማግሌ ፊት አልቀረብኩም።"